ኳሷ ውኃ ስትገባ

  

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጎልፍ ነው። «መምህሩን ደግሞ ዛሬ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አትፍረዱብኝ። እኔም እስከዚህ ዓመት ድረስ ጎልፍን የማውቀው በቴሌቪዥን ብቻ ነበር። ሰዎቹ አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ ይመቱና ከዚያ እንደ ጠፋች ጥጃ እየተንከራተቱ ይፈልጓታል። እኔም ቶሎ ብዬ ጣቢያውን እቀይር ነበር። አሁን ግን ከዚያ ሜዳ አንድ ትምህርት ይዤ ተመልሻለሁ። ትምህርቱ የሚያስቅም፣ እኔን የሚያሳፍርም አለበት። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛው ልጄ የውኃ ቴክኒክ ባለሙያ ነው። የሣር ማጠጫ ቧንቧና ፓምፕ የሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። በዚህ ዓመት ሥራው ወደ ቄሳርያ የጎልፍ ሜዳ ወሰደው። «አባዬ፣ አንድ ቀን ና እይ፤ አይተኸው የማታውቀው ነገር ነው» እያለ ወተወተኝ። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ስለሆነ «ይምጡ» ማለት አይሆንለትም፤ ለምጄዋለሁ። አንድ ቀን በማለዳ የእናቴን ወንድም አስከትዬ ሄድኩ። አጎቴ ሰማንያን ከተሻገሩ ቆይተዋል፤ ዓይናቸው ግን አሁንም ከሩቅ ከብት ይቆጥራል።

ከሐደራ ቄሳርያ ቅርብ ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ግራ ቀኙን ለአጎቴ እያሳየሁ ስሄድ የከተማችን ታሪክ የውኃ ታሪክ መሆኑ ያን ቀን ገባኝ።

ሐደራ በ1891 ስትቆረቆር መሬቱ ረግረግ ነበር። ስሟም «አረንጓዴ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ አረንጓዴ ያደረጋት ደግሞ ያ የተኛ ውኃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ኑሯቸውን የጀመሩት አሮጌ ኻን ውስጥ ነው። ኻኑ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄበታለሁ። ሰዎቹን የጠበቀቻቸው ግን የረግረጉ ትንኝ ነበረች። ከጥንቱ መቃብር ድንጋዮች እንደሚታወቀው፣ ከ540 ነዋሪ 210 ያህሉን ወባ ጨርሶታል። ኋላ ባሮን ኤድሞን ደ ሮትሽልድ ገንዘብ አወጡ። ከግብፅ የመጡ ሠራተኞች ቦይ ቆፍረው ውኃውን አስወጡት፤ የቀረውን እንዲመጥም ደግሞ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ልብ በሉ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ለአዲስ አበባ ማገዶ ብለው ባሕር ዛፍ ያስተከሉትም በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። አንዱ ዛፍ እዚያ ማገዶ፣ እዚህ መድኃኒት ሆነ።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። እሳቸው በ1984 በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። በመጠለያው ጣቢያ አንዲት ልጃቸውን ወባ ወስዶባቸዋል። ጥቂት ቆይተው «እነዚህም ልጅ ቀብረው ኖሯል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ የኦሮት ራቢን የኃይል ማመንጫ ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ታዩን። የሐደራ ወንዝ ባሕር የሚገባው እዚያ ጋ ነው። ማመንጫው የሚለቀው ውኃ ሞቃት ስለሆነ፣ በየክረምቱ ሻርኮች፣ ማለት በዕብራይስጥ ካሪሽ የምንላቸው፣ ሙቀቱን ፈልገው ይሰበሰባሉ። ሰው ለማየት ይጎርፋል። በሚያዝያ ወር 2025 ግን እዚያው ሊዋኝ የገባ አንድ ሰው ሕይወቱን አጥቷል። ጊቫት ኦልጋ ባሕር ዳር የሚወርዱ ልጆች ያላችሁ ወላጆች፣ ጠባቂ ካለበትና ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እንዳይገቡ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። የባሕሩ ውኃ እዚያው አጠገብ ጨው ይወጣለትና ይጠጣል፤ በ2009 መጨረሻ ሥራ የጀመረው ማጣሪያ በዓመት 127 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ የተሠራ ነው። ውኃ እንዲህ ነው፤ ያጠጣል፣ ይገድላል።

ቄሳርያ ደረስን። ልጄ በሩ ላይ ጠበቀንና ሥራ ሳይበዛ በዳር በኩል አስገባን። «ኳስ እንዳይመታችሁ ከእኔ አትራቁ» ሲል አጎቴ ሳቁ። በኋላ ኳሷ አየሩን እየሰነጠቀች ስታልፍ ሲሰሙ ግን ከልጄ ጎን አልተለዩም።

ምን ልበላችሁ፣ ሣሩ ምንጣፍ ነው። በአሸዋው መካከል ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከባሕሩ ደግሞ ነፋሱ ይመጣል። አጎቴ ቆመው አዩ፣ አዩና፤

«ይህን ሁሉ ሣር ማን ይግጠዋል?» አሉ።

«ማንም አይግጠውም አባባ፤ በማሽን ይታጨዳል» አለ ልጄ።

«ታጭዶስ ለየትኛው ከብት ይሰጣል?»

«ለከብት አይሰጥም።»

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ» አሉ።

ወዲያው ማጨጃው መኪና ሲነሣ ነጫጭ ወፎች ከኋላው ተከትለው ወረዱ። አጎቴ እንደ ሕፃን እጃቸውን አጨበጨቡ። «ሳቢሳ! ሳቢሳ ናት! ከብት ስታጣ መኪናውን ከብት አደረገችው!» እውነታቸውን ነው። ያቺ በአገራችን ከላምና ከበሬ እግር ሥር ፌንጣ የምትለቅመው ወፍ፣ እዚህ ማጨጃው የሚያስነሣውን ነፍሳት ትለቅማለች። ከእኛ ስደተኞች ይልቅ እሷ ቶሎ ለምዳለች።

ከዚያ አንድ ሰውዬ ዱላውን ከፍ አድርጎ ኳሷን ሲመታ አዩት። «ይኼማ ገና ነው!» አሉ። ገናን የምታውቁ ታውቃላችሁ። በዓሉ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቢሆንም፣ እረኛ ሁሉ አብሮ ይውል ስለነበር ጨዋታውን እኛም እናውቀዋለን። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ተቆርጦ፣ ከእንጨት ተድቦልቡላ የተሠራችዋን ጥንግ ለመምታት ሜዳው ሁሉ ይተራመስ ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ስለሚገፋፉ ነው። በጎልፍ ግን ግርግር የለም። እያንዳንዱ የራሱን ኳስ ብቻ ይመታል፤ ሌላው ሲመታም ዝም ብሎ ይቆማል። ሙሉው ሜዳ 18 ቀዳዳ አለው። ኳሱን በጥቂት ምት 18ቱም ቀዳዳ ውስጥ ያስገባ ያሸንፋል። አብዛኛውን ጊዜ ለጎበዝ ተጫዋች ልኩ 72 ምት ነው።

ሜዳው የተከፈተው በ1961 ነው። ሐሳቡ የባሮን ኤድሞን ልጅ የጄምስ ደ ሮትሽልድ እንደነበር ይነገራል። በ2009 ደግሞ ፒት ዳይ የተባለው የታወቀ አሜሪካዊ የሜዳ ነዳፊ እንደገና ሠርቶታል። ነገሩን አስቡት። አባትየው ሐደራ ላይ ውኃ ለማድረቅ ገንዘብ አፈሰሱ። የልጃቸው ሐሳብ ደግሞ እዚሁ ጎረቤት አሸዋ ላይ ውኃ አፈሰሰ። አንዱ ሰው እንዳይሞት፣ ሌላው ሰው እንዲጫወት። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። ወባ የሌለበት አገር ነው መጫወት የሚችለው።

ልጄ አንድ ኩሬ ዳር አስቀመጠንና ሥራውን ያብራራልን ጀመር። ፓምፑ፣ ቧንቧው፣ ሣሩ ስንት ሰዓት እንደሚጠጣ። አጎቴ ያልገባቸው ግን ሌላ ነበር። ልጄ በሌሎች አገሮች ሜዳ ላይ ኩሬ ሆን ተብሎ በመንገድ ላይ እንደሚቆፈር ነገራቸው፤ ኳሱ እንዲገባበት፣ ተጫዋቹ እንዲፈራው። ይኸው ፒት ዳይ በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሠራው አንድ ሜዳ አለ። 17ኛው ቀዳዳ ያለው ዙሪያውን በውኃ በተከበበ ደሴት ላይ ነው። ከዚያ ውኃ ውስጥ በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ ኳስ ይወጣል ይባላል።

«ሰው እያወቀ ንብረቱን ውኃ ውስጥ ይወረውራል?» አሉ አጎቴ።

«እገባለሁ ብሎ አይደለም አባባ፤ አልፈዋለሁ ብሎ ነው።»

«እሱስ ሁላችንም እንዲያ ብለን ነው የምንገባው» አሉና ወፎቹን ለማየት ራቅ ብለው ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እኔና ልጄ ቀረን። ስለ አውሬዎቹ አጫወተኝ። ሲመሽ ቀበሮ ይወጣል፤ በዕብራይስጥ ታን የሚሉት። ኳሱን እንቁላል መስሎት ነው መሰል አንዳንዴ ይዞት ይሮጣል። ሲቅሳቅ የምትባለው ወፍ ደግሞ ገላጣ መሬት ላይ እንቁላሏን ትጥልና የቀረበውን ሁሉ እየጮኸች ታባርራለች። «ቀበሮ ኳሱን ከወሰደውስ?» አልኩት። «ቅጣት የለም። ሌላ ኳስ እነበረበት ቦታ ታስቀምጥና ትቀጥላለህ። አውሬ ያደረገው ያንተ ጥፋት አይደለም።» «ኩሬ ውስጥ ከገባስ?» «እሱ ያንተ ምት ነው። አንድ ትጨምራለህ።»

ጨዋታው ከስኮትላንድ የመጣ ነው። በ1744 ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡ በጽሑፍ ሲወጣ 13 አንቀጽ ብቻ ነበረው፤ ከ13ቱ አንዱ የውኃው ነው። ኳስህ ውኃ ከገባ አውጥተህ ከኋላ ጀምር፣ ለተጋጣሚህም አንድ ምት ስጠው ይላል። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሐሳቡ አልተለወጠም። ዛሬ ቦታው በቢጫ ወይም በቀይ ችካል ይታጠርና «የቅጣት ቦታ» ይባላል።

እኔ አስተማሪ ነኝና ወዲያው የታየኝ ማታለሉ ነው። ሠላሳ ዓመት ፈተና ጠብቄያለሁ። «ዳኛው የት አለ? ሰውዬው ዛፍ ውስጥ ገብቶ ኳሱን በእግሩ ቢገፋ ማን ያየዋል?» አልኩት።

ልጄ ሳቀ። «ዳኛ ብዙ ጊዜ የለም አባዬ። ራስህ ነህ። በውድድር ጊዜ አብሮህ የሚጫወተው ወረቀቱን ይጽፍልሃል፤ ስንት ጊዜ እንደመታህ የምትነግረው ግን አንተ ነህ። መጨረሻ ላይ ትፈርማለህ። ከመታኸው አብዝተህ ከፈረምክ፣ የበዛው ይጸድቅብሃል። አሳንሰህ ከፈረምክ ግን ከውድድሩ ትባረራለህ።»

የአንድ ሰው ታሪክም ነገረኝ፤ በኋላ ቤት ገብቼ አንብቤ አረጋግጫለሁ። ቦቢ ጆንስ ይባላል። በ1925 በአሜሪካ ትልቁ የጎልፍ ውድድር ላይ ሣር ውስጥ ያለችውን ኳስ ሊመታ ዱላውን ሲያስጠጋ ኳሷ ጥቂት ተንቀሳቀሰች። ማንም አላየም። እሱ ግን «ተንቀሳቅሳለች፣ አንድ ምት ቁጠሩብኝ» አለ። ኃላፊዎቹ ሰዉን ጠየቁ፤ ያየ ጠፋ። ለአንተ ትተነዋል ቢሉትም እምቢ አለ፣ አስቆጠረ። መጨረሻ ላይ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጡ። ያቺ ምት ባትቆጠር ኖሮ ዋንጫው የጆንስ ነበር። እኩል ስለወጡ እንደገና ተጫወቱና በአንድ ምት ተሸነፈ። ሲያመሰግኑት ምስጋናውን አልወደደውም ይባላል፤ ሰው ባለመስረቁ ይመሰገናል ወይ ብሎ።

ልጄ ይህን ሲያጫውተኝ ፊቱን አላየሁትም። የማየው ኩሬውን ነበር። «ትፈርማለህ» ያለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። አሁን የምነግራችሁን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም ነበር።

በ2009 ነው። ይኸው ልጄ አሥረኛ ክፍል ሊገባ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ መምህርት፣ መኻኔኸቷ፣ ጠራችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ቡና ቀዳችልኝ። «ልጅህ ጨዋ ነው፣ እንወደዋለን። ግን በሒሳብ አናስጨንቀው። ሦስት ዬኺዶት ይበቃዋል። አንተ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ።

ልብ በሉ፤ ጠየቀችኝ። የባግሩት ሒሳብ በሦስት፣ በአራትና በአምስት ዬኺዶት እንደሚሰጥ ብዙዎቻችሁ ያኔ አታውቁ ይሆናል። እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፣ አውቃለሁ። ሦስት ማለት የምህንድስናውና የቴክኖሎጂው በር ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ ይጠብበታል ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጄ ሒሳብ እንደሚወድም አውቃለሁ፤ የአልጀብራ መጽሐፉን አልጋው ላይ ይዞ ነበር የሚተኛው። ሆኖም በዚያ ሰሞን በዚያው አካባቢ ተጨማሪ ሥራ እየፈለግሁ ነበር። «አስቸጋሪ ወላጅ» መባልን ፈራሁ። «እናንተ ካላችሁ ጥሩ ነው» አልኩና ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ቤት ስገባ ልጄ በር ላይ ጠበቀኝ። «ምን አሉ?»

«ትምህርት ቤቱ ወስኗል፤ ሦስት ነው።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ምን እላለሁ ልጄ፤ አልጠየቁኝም።»

ይኸው ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይላል የአገራችን ሰው፤ የመምህሩን ልጅ ደግሞ ትምህርት ተነፈገው፣ ያውም በመምህሩ ፊርማ።

ልጁ አላለቀሰም። መጽሐፉን አልጋው ሥር ከተተው። ከዚያች ቀን ጀምሮ መምህርቷን ቀና ብሎ አያያትም። ወታደርነቱን ከጨረሰ በኋላ ቀን እየሠራ፣ ማታ እየተማረ ሒሳቡን እንደገና ወሰደ፤ ከዚያ ነው የውኃ ቴክኒክ የገባው። ሦስት ዓመት ከዕድሜው ላይ ሄደ። እኔም በየቦታው «ልጄ በራሱ ጥረት እዚህ ደረሰ» እያልኩ እኮራ ነበር። ስኮራበት ግን ያቺ ፊርማ ትወጋኝ ነበር።

ኩሬው ዳር ነገርኩት። ማስተባበያ አልጨመርኩም፤ ጨምሬ ቢሆን ደግሞ አንድ ምት ነበር። «ጠይቃኝ ነበር። የፈረምኩት እኔ ነኝ። አልጠየቁኝም ያልኩህ ውሸት ነው» አልኩት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። የቧንቧውን መክፈቻ ሳጥን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ከዚያ «እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ስናገር ነው የኖርኩት። አባቴን ቢጠይቁት ኖሮ እምቢ ይል ነበር እያልኩ» አለ።

ውድ ወላጆች፣ ከዚህ የከበደ ቃል ከልጅ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሥራ አለኝ» ብሎ ተነሣ። አጎቴን በክብር ቀስቅሶ መኪናው ድረስ ደግፎ አደረሳቸው፤ እኔን ግን በእጁ ብቻ ተሰናበተኝ። ስንመለስ አጎቴ «ልጁን ምን አደረግኸው?» አሉኝ። የተኙ መስሎኝ ነበር። ነገርኳቸው። እስከ ሐደራ መግቢያ ድረስ አልተናገሩም። ከዚያ «አባትህ ቢኖር ምን ይልህ ነበር?» አሉ።

አባቴ ቄስ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። መንደራችን እንደ ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል መንደሮች ወንዝ ዳር ነበር፤ ያለ ውኃ ንጽሕና የለምና። ለሰንበት ዋዜማ ወንዝ ወርደን ገላችንንና ልብሳችንን ታጥበን ነበር የምንመለሰው። ሰዎችም ጥፋታቸውን ሊናገሩ ወደ አባቴ ይመጡ ነበር። እኔ ዳዊት እየደገምኩ በጎጆው ጥግ ስለምቀመጥ፣ ነገሩን ባልሰማም የአባቴን ጥያቄ እሰማ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ላጠፋህበት ሰው ነግረኸዋል?» አልነገርኩም ያለውን «ሂድና መጀመሪያ ለእሱ ተናገር፤ ከዚያ ና» ይለዋል። ውኃ ገላን ያጥባል፣ የተደበቀ ነገር ግን ወንዝ ውስጥ ሆነህም አብሮህ ይታጠባል ይል ነበር። የአስተሥርዮ ጾም በመጣ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ትዝ እያለኝም አሥራ ስድስት ዓመት ጾምኩ።

ለአጎቴ «ነግሬዋለሁ» አልኳቸው። «እንግዲያስ ጠብቅ» አሉኝ። «ተናገርኩ ብለህ ደግሞ ይቅርታውን እንደ ዕዳ አትጠይቀው።»

ልጄ ሁልጊዜ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይደውላል። ያን ዓርብ አልደወለም። እናቱ ስትጠይቀኝ ለእሷም ነገርኳት። በሚቀጥለው ዓርብ ደወለ። ስለ አየሩ፣ ስለ እህቱ ልጅ፣ ስለ ፓምፑ ተናገርን። ሊዘጋ ሲል «ጋዜጣው ላይ ልትጽፈው ነው አይደል?» አለኝ። ይህን መጽሔት ጋዜጣ ነው የሚለው። «ካልፈቀድክ አልጽፈውም» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ጻፈው። የእኔን ስም ግን አትጻፍ፣ የመምህርቷንም ተዋት። ሌላም አባት ፈርሞ ይሆናል» አለ። ይቅር ብሎኛል ወይ ብትሉኝ፣ ደውሏል እላችኋለሁ። ለጊዜው ይበቃኛል።

እንግዲህ ከጎልፍ ሜዳ ያመጣሁት ይህን ነው። ኳሷ ውኃ ስትገባ ቅጣቱ አንድ ምት ብቻ ነው። አንድ ምት ማንንም ከጨዋታ አያስወጣም። ትቆጥራታለህ፣ ሌላ ኳስ ከኋላ ታስቀምጣለህ፣ ትቀጥላለህ። የሚያስወጣው ያልተቆጠረችው ናት። እኛ ወላጆች ደግሞ በዚህ አገር ብዙ ኳስ ውኃ ከትተናል። በማናውቀው ቋንቋ፣ በማናውቀው ወረቀት ላይ ፈርመናል። ሳናውቅ የፈረምነው እንደ ቀበሮው ነው፣ ጥፋቱ የእኛ አይደለም። ዝቅ ተደርገን ታይተን የተወሰነብንም አለ፤ እሱም ሌላው የሚቆጥረው የሌላው ምት ነው። እያወቅን ዝም ያልንበት ግን የእኛው ነው። ልጆቻችን «ሁሉም ጥፋት የመንግሥት ነው፣ የትምህርት ቤት ነው» ስንላቸው ይሰማሉ፤ እኛ የራሳችንን ስንቆጥር ካላዩ ግን የራሳቸውን መቁጠር ከማን ይማራሉ?

ለወጣት ወላጆችና ለልጅ ልጅ አሳዳጊዎች ደግሞ ጥቂት ነገር ልጨምር። ልጃችሁ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሳለ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ስንት ዬኺዶት ሊመደብ እንደታሰበ ጠይቁ። ምክንያቱንም ጠይቁ፤ ከፍ እንዲል ምን ማድረግ እንዳለበትም ጠይቁ። በአምስት ዬኺዶት ሒሳብ ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ዕብራይስጡ የሚያስቸግራችሁ የሚያስተረጉም ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ያልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ «ቤት ወስጄ አስነብቤ አመጣዋለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ልጁን «አንተስ ምን ትላለህ?» በሉት። እኔ ያን ሳልጠይቅ ነው የፈረምኩት።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር «ያ ከብት የሌለው ሣር እንዴት ነው?» ይሉኛል። ልጄ ሌላ ቀን ሊወስዳቸው ቃል ገብቷል። «አባዬም ከፈለገ ይምጣ» ብሏል አሉ። እሄዳለሁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ።